የእንቅርት ኦፕራሲዮንና ፓራታይሮይድን የሚያሳየው ካሜራ፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ

ባህር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። የእንቅርት ኦፕራሲዮን የተሰራ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ መድሃኒቱን ብቻ ሰጥቼው አይሄድም፣ ይጠይቃል። ገና ቀጠሮ የያዘው ደግሞ ከነስልኩ ነው የሚመጣው፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አንገት ተከፍቶ አንድ ነጭ ነጥብ ስክሪን ላይ ቦግ ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ ይከፍትና "ይሄ ነገር ምንድነው? እኔንም በዚህ ይሰሩኛል?" ይለኛል። ካሜራው በታይሮይድ ኦፕራሲዮን ጊዜ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ስስ እጢዎች እንዳይጎዱ የት እንዳሉ የሚያሳይ ነው። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ሰርጀን እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ፣ ዓመተ ምህረቶቹ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስስ እጢዎች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? እንቅርቱ ራሱ እጢ አይደለም እንዴ?

እንቅርት ማለት ያበጠ ታይሮይድ ነው። ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ እጢ ነው። ከጀርባው የተለጠፉ ሌሎች ትናንሽ እጢዎች አሉ፣ ፓራታይሮይድ ይባላሉ፣ አብዛኛው ሰው አራት ነው ያለው፣ ሶስት ወይ አምስት ያለውም አይጠፋም። አንዷ የምስር ፍሬ ብታክል ነው፣ ክብደቷ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም።

ስራቸው ከታይሮይድ ጋር አይገናኝም፣ ጉርብትና ብቻ ነው። እነሱ የሚጠብቁት ደም ውስጥ ያለውን ካልሺየም ነው፣ ካልሺየም ትንሽ ወረድ ሲል ሆርሞን ይለቃሉ፣ ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሺየም ያስወጣል፣ በኩላሊት በኩል በሽንት እንዳይባክን ይይዛል፣ ቫይታሚን ዲን አንቅቶ ደግሞ አንጀት ከምግቡ እንዲስብ ያደርጋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ አናውቅም፣ የምናውቀው ሲቋረጥ ነው።

ቢጎዱ ምን ይመጣል?

ካልሺየም ይወርዳል። ካልሺየም ሲወርድ ነርቭና ጡንቻ ይቆጣሉ፣ መጀመሪያ ከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ ይነዝራል ወይ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ እጅና እግር ይኮማተራል፣ ከባድ ከሆነ ጉሮሮ ይያዛል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምት ሊዛባም ይችላል። 

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከፋርማሲው መስኮት ሆኜ የማየው ይሄን ነው። ከንፈር ዙሪያ ሲነዝር እኛ ሀገር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምች ነው፣ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል። እጅ ሲኮማተር ደግሞ ብርድ ነው ይባላል። አንዲት እናት አንገታቸው ላይ ፋሻው ሳይነሳ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና የብርድ ቅባት ጠየቁኝ፣ ብሩን ሊሰጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አንጓቸው ወደ ታች ታጥፏል፣ አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ተጣብቀዋል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ገብቷል፣ ብሩም ከጣታቸው አልላቀቅ አለ። ይሄ ቅባት የሚያስፈልገው እጅ አይደለም፣ የካልሺየም እጅ ነው። ባጃጅ ጠርቼ ከልጃቸው ጋር ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የላክኋቸው፣ እዚያ በደም ስር ካልሺየም ግሉኮኔት ቀስ እየተባለ ይሰጣል። ስለዚህ የታይሮይድ ኦፕራሲዮን የተሰራ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ምች የሚባል ነገር ለጊዜው ይረሳ።

ይሄ ስንቱ ላይ ይደርሳል?

ሙሉ ታይሮይድ ሲወጣ ጊዜያዊ መውረድ ብዙ ነው። በ2014 የወጣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ከ100 ሰው ከ19 እስከ 38 የሚሆነው ላይ ጊዜያዊ መውረድ እንዳለ፣ ዘላቂ የሚሆነው ግን ከ100 ከ0 እስከ 3 እንደሆነ ነው የሚያሳየው። አብዛኛው እጢ ደንግጦ ነው እንጂ ሞቶ አይደለም፣ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ዘላቂው ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፣ የደረሰበት ሰው ግን እድሜ ልኩን ካልሺየምና ቫይታሚን ዲ ይቆጥራል፣ ቀላል ኑሮ አይደለም።

ሰርጀኑ ራሱ አያያቸውም እንዴ?

ያያል፣ ግን ቀለማቸው ቢጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው፣ ዙሪያቸው ያለው ስብም እንደዛው ነው፣ ትንንሽ የሊምፍ እጢዎችም እንደዛው። ትንሽ ደም ከፈሰሰ በኋላማ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቦታቸውም የታመነ አይደለም፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቦታቸው ላይ ይገኛሉ፣ የታችኞቹ ግን ፅንስ ሆነን ሳለ ታይመስ ከሚባለው እጢ ጋር አብረው ስለሚወርዱ አንዳንዴ ደረት ድረስ ወርደው ይቀራሉ። ታይሮይዱ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝም አለ። በዚያ ላይ እኛ ጋ ሰው እንቅርቱን ብዙ ዓመት ተሸክሞት ከርሞ ነው ሀኪም ቤት የሚሄደው፣ እንቅርቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ እጢዎቹን ገፍቶ፣ አሳስቶና ለጥጦ ከቦታቸው ያርቃቸዋል።

ማግኘትም ብቻውን አይበቃም። ደማቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ኢንፌሪየር ታይሮይድ አርተሪ ከሚባለው የደም ስር በምትወጣ ክር በምታህል ቅርንጫፍ ነው፣ እሷ ከተበጠሰች ወይ በሙቀት ከተጠበሰች እጢዋ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ ትሞታለች።

እሺ ካሜራው እንዴት ነው የሚያሳየው?

ቤት ያለውን የቲቪ ሪሞት አንሱና ጫፉን ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አድርጋችሁ ተጫኑት። በአይን ምንም አይታይም፣ ስክሪኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ መብራት ብልጭ ሲል ታያላችሁ። አይናችን የማያየው፣ ካሜራ ግን የሚያየው ብርሃን አለ ማለት ነው፣ ኢንፍራሬድ ይባላል።

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚሆነውም በዚሁ ብርሃን ነው። ወደ 785 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን የተከፈተው አንገት ላይ ይበራል። ፓራታይሮይድ ይሄን ብርሃን ይቀበልና በራሷ ትንሽ ረዘም ያለ ሞገድ፣ ከ820 እስከ 830 ናኖሜትር አካባቢ፣ መልሳ ታበራለች። ካሜራው ፊት ያለው ፊልተር የመጀመሪያውን ብርሃን ከልክሎ የእጢዋን ብቻ ያሳልፋል። ታይሮይዱም ትንሽ ያበራል፣ ፓራታይሮይድ ግን ከሱ ደምቃ ትታያለች፣ ስብና ጡንቻ ደግሞ ጨለማ ሆነው ይቀራሉ። ምንም መርፌ የለም፣ ምንም ቀለም አይሰጥም፣ ከተፈጥሮዋ ነው የምታበራው። እጢዋ ውስጥ የሚያበራው ነገር በትክክል የትኛው ሞለኪውል እንደሆነ ሳይንቲስቶቹ እስካሁን እየተከራከሩበት ነው፣ ይሄ እኔን ሁሌ ይገርመኛል፣ ምን እንደሆነ ሳይስማሙ ግን በየቀኑ ይሰሩበታል።

ማን አገኘው?

ብርሃኑን ያገኙት አሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አኒታ ማሃዴቫን ጃንሰን የምትመራው ቡድን ነው፣ በ2011 ኮንስታንቲን ፓራስ ቀዳሚ ፀሀፊ ሆኖ አሳተሙት። ከዚያ በ2018 ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ሁለት መሳሪያ ፈቀደ፣ ፍሉዎቢም 800 የሚባለው የፈረንሳዮቹ ካሜራና ፒቲአይ የሚባለው የአሜሪካኖቹ።

እጢዎቹን ራሳቸውን ግን ማን አገኛቸው ካላችሁ ታሪኩ ያስቃል። መጀመሪያ ያያቸው ሪቻርድ ኦወን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1850 አካባቢ፣ ያያቸውም ሰው ላይ ሳይሆን ለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ የሞተ አውራሪስ ላይ ነው። ሰው ላይ በ1880 ያሳተመው ኢቫር ሳንድስትሮም ነው፣ ስዊድን ኡፕሳላ የህክምና ተማሪ እያለ ነው የጀመረው፣ በጊዜው ብዙም የሰማው የለም። ከካልሺየም ጋር መያያዛቸው የታወቀው ደግሞ 1909 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሰርጀኖቹ እንቅርት ያወጡና በሽተኛው በሶስተኛው ቀን ሲኮማተር ምን እንደነካው አያውቁም ነበር።

ሁለቱ መሳሪያዎች ልዩነታቸው ምንድነው?

አንዱ ካሜራ ነው፣ ከላይ ሆኖ መላውን ሜዳ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ መብራት ግን ዞር ወይ ጠፋ ማለት አለበት ምክንያቱም ያ መብራት ራሱ ኢንፍራሬድ አለው፣ ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ስራ ይቆማል። ሌላው እስክሪብቶ የመሰለ ዘንግ ነው፣ የተጠረጠረውን ነገር በጫፉ ነካ ሲያደርጉት ቁጥርና ድምፅ ይሰጣል፣ መብራት ማጥፋት አያስፈልግም፣ ግን የት እንደምትነካ አንተ ማወቅ አለብህ። ካሜራው ይፈልግልሃል፣ ዘንጉ ያረጋግጥልሃል።

በመርፌ የሚሰጠው አረንጓዴ ነገርስ?

እሱ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ኢንዶሳያኒን ግሪን ይባላል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለልብና ለጉበት፣ በኋላም ለአይን ምርመራ ሲሰራበት የኖረ ቀለም ነው። በደም ስር ይሰጣል፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ደም የደረሰበት ቦታ ሁሉ በኢንፍራሬድ ካሜራ ደምቆ ይታያል። ጥያቄው እዚህ ጋ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው "እጢዋ የት ናት?" ነው የሚለው፣ ይሄኛው "እጢዋ ደም ታገኛለች ወይ?" ነው። ሁለቱን መለየት በጣም ወሳኝ ነው ምክንያቱም የተፈጥሮ ብርሃኗ እጢዋ ብትሞትም አይጠፋም፣ ተቆርጣ ሳህን ላይ የተቀመጠች እጢም ታበራለች።

ጄኔቫ ላይ ተሰርቶ በ2018 የወጣ ጥናት አለ፣ ታይሮይዱ ከወጣ በኋላ በዚህ ቀለም ሲታይ ቢያንስ አንድ በደንብ ደም የምታገኝ እጢ የተገኘችላቸው 146 ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ አንድም ሰው ላይ ፓራታይሮይዱ አልደከመም። ደህና ደም የምታገኝ እጢ ካልታየላቸው 50 ሰዎች ግን 11ዱ ላይ ደክሟል። አንዷ እጢ ብቻ ደህና ከሆነች ሰውየው ይተርፋል ማለት ነው፣ ለሰርጀኑም ማን ቶሎ ቤቱ እንደሚሄድ ማን መቆየት እንዳለበት እዚያው ይነግረዋል።

ቀለሙ ውስጥ ትንሽ አዮዳይድ አለ፣ ስለዚህ ለአዮዲን አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ምርመራ ቀጠሮ ያለውም እንደዚሁ፣ ቢያንስ ሳምንት መለያየት አለባቸው። ሰውነት በጉበት በኩል ቶሎ ነው የሚያስወጣው።

እውነት ይጠቅማል ወይስ የፈረንጅ ሽያጭ ነው?

ይሄን የጠየቀኝ አባይ ማዶ ያለ የመኪና መካኒክ ነው፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው።

ጥሩ ማስረጃ የሚባለው ፈረንሳይ ውስጥ 241 ሰዎች ላይ በእጣ ተከፍለው የተሰራውና በ2020 የታተመው ነው። በካሜራው ከተሰሩት ውስጥ ካልሺየማቸው የወረደው 9.1 ፐርሰንት፣ ያለካሜራ ከተሰሩት 21.7 ፐርሰንት። ሳይታወቅ እጢ ከታይሮይዱ ጋር ተቆርጣ የወጣችባቸው 2.5 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 11.7 ነበሩ። ቆርጠው መልሰው መትከል ያስፈለጋቸውም ከ13.3 ወደ 3.3 ወርዷል። ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ስለጊዜያዊው ነው። ሰው በጣም የሚፈራውን፣ ዘላቂውን፣ ይቀንሳል ለማለት ማስረጃው ገና አልጠነከረም፣ ዘላቂው ራሱ ትንሽ ሰው ላይ ስለሚደርስ ልዩነቱን ለማሳየት በጣም ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመካኒኩ ያልኩት፣ ሽያጭ ብቻ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም፣ አይን ይጨምራል እንጂ እጅ አይሆንም። እሱም "ገባኝ፣ ስካነር ገዝቶ መፍታት የማይችል አለ" አለኝ።

ተቆርጣ ከወጣችስ አለቀላት?

አላለቀላትም፣ እንደውም ካሜራው በጣም የሚወደድበት ቦታ ይሄ ነው። የወጣው ታይሮይድ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣ ስጋ ወደሚመረመርበት ላብ፣ ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ በካሜራ ይታያል። ከጀርባው የሚያበራ ነጥብ ካለ ሰርጀኑ እሷን ይለያታል፣ እርግጠኛ ለመሆን ቅንጣት ወደ ላብ ሊልክ ይችላል፣ ቀሪዋን አንድ ሚሊሜትር አካባቢ አድርጎ ይከታትፍና አንገት ጎን ያለው ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ኪስ ሰርቶ ይቀብራታል። ሳምንታት ይፈጃል እንጂ ደም ስር አብቅላ ስራ ትጀምራለች። ያለካሜራም ይሄ በአይን ይሰራል፣ ጥሩ ሰርጀን የወጣውን ታይሮይድ ሳያገላብጥ አይልክም።

ካሜራው ይሳሳታል?

ይሳሳታል። ቡኒ ስብ የሚባለው፣ አንዳንድ የታይሮይድ ኖዱል (እብጠት)፣ አልፎ አልፎ የሊምፍ እጢም ሊያበሩ ይችላሉ፣ ሰርጀኑ እነሱን አድናለሁ ብሎ ካንሰር ያለበትን ነገር ቢተውስ? ስለዚህ ስክሪኑ ያበራውን ሁሉ ፓራታይሮይድ ነው አይባልም። በተቃራኒው ደግሞ ብርሃኑ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ እጢዋ በስብ ወይ በፈሰሰ ደም ከተሸፈነች አትታይም። ስክሪን ላይ የለችም ማለት የለችም ማለት አይደለም።

ጨረር አለው? እርጉዝ ብሆንስ?

ኢንፍራሬዱ እንደ ኤክስሬይ አይነት ጨረር አይደለም፣ ካንሰር የሚያመጣ ነገር የለውም። በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ የሚሰራው ምንም መድሃኒት ሰውነት ውስጥ አያስገባም። ቀለሙ ግን መድሃኒት ነው፣ እርጉዝ ከሆንሽ ለሀኪሙ ንገሪው።

ድምፄንስ ያድንልኛል?

አያድንም። ድምፅ የሚነካው ነርቭ ሲጎዳ ነው፣ እሱ የሚጠበቀው በሌላ መሳሪያ ነው፣ ለሰመመን ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ላይ ባለ ኤሌክትሮድ ነርቩ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ። ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ።

ለማን ነው የበለጠ የሚያስፈልገው?

ሙሉ ታይሮይድ ለሚወጣለት፣ በካንሰር ምክንያት አንገት መሀል ያሉ የሊምፍ እጢዎች አብረው ለሚጠረጉለት፣ ግሬቭስ ለሚባለው የታይሮይድ በሽታ፣ ድሮ ተሰርቶ ለሁለተኛ ጊዜ ለሚከፈት። ግማሽ ታይሮይድ ብቻ የሚወጣለት ሰው በሌላው ጎን ያሉት እጢዎቹ ስለማይነኩ ብዙ አይስጋ።

ቀጠሮ የያዝኩበት ቦታ ካሜራው ከሌለ ልተወው? አዲስ አበባ ልሂድ?

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ወይ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄን በጣም ነው የምትጠይቁኝ። እኔ የምለው፣ ለካሜራው ብላችሁ ቀጠሮ አታቃጥሉ። እንቅርቱ ትንፋሽ እየዘጋ ወይ ካንሰር ተጠርጥሮ ከሆነ መጠበቁ ነው የሚጎዳው። ዓለም ላይ አብዛኛው የታይሮይድ ኦፕራሲዮን ዛሬም ያለዚህ ካሜራ ነው የሚሰራው፣ ደህና ሆነውም ይወጣሉ።

ከካሜራው ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው የሰርጀኑ እጅ ነው። በ2017 አሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ ታይሮይድ የሚያወጡ ሰርጀኖች በሽተኞቻቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ዶክተሩን "ካሜራ አላችሁ?" ብቻ ከምትሉት "በዓመት ስንት ታይሮይድ ይሰራሉ?" በሉት። አያስቀይመውም፣ እንደውም እጁ የለመደ ሰርጀን በኩራት ነው የሚነግራችሁ። ቀጥሎ "ሙሉ ነው ግማሽ የሚወጣው? ካልሺየሜ መቼ መቼ ይለካል? ቤት ከሄድኩ በኋላ ቢነዝረኝ ማን ጋ ልደውል?" በሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ካልሺየምና ከተቻለ ቫይታሚን ዲ እንዲለካም ጠይቁ፣ ቫይታሚን ዲ አስቀድሞ ያነሰ ሰው በኋላ ይበልጥ ይቸገራል።

ከሆስፒታል ስወጣ ቶሎ ወደ ሀገሬ ልመለስ?

አትቸኩሉ! ይሄን ጮክ ብዬ ነው የምለው። ካልሺየም እታች የሚደርሰው ኦፕራሲዮኑ ያለቀ ዕለት አይደለም፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ባሉት ሁለት ሶስት ቀናት ነው። ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ደህና ነኝ ብሎ ይወጣና ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ገጠሩ ይሄዳል፣ ሶስተኛው ቀን ሌሊት ይኮማተራል፣ ሀይቁ መሀል ሌሊት ምን ይደረጋል? ጀልባ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም፣ ደሴት ላይ ደግሞ በደም ስር የሚሰጥ ካልሺየም ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ዘመድ ቤትም ቢሆን፣ አልቤርጎም ቢሆን፣ ዶክተሩ ካልሺየሙን ደግሞ አይቶ ሂዱ እስኪላችሁ ድረስ ባህር ዳር ሰንብቱ። የሁለት ሶስት ቀን አልጋ ውድ ነው ይባላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ለካሜራ አዲስ አበባ ድረስ ከሚወጣው ትራንስፖርት ያነሰ ነው። መደበኛው የካልሺየም መጠን ብዙ ላብ ላይ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

ክኒኖቹን እንዴት ልውሰድ?

እዚህ ጋ ወደ ራሴ ስራ መጣሁ።

ሙሉ ታይሮይድ የወጣለት ሰው የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ይታዘዝለታል፣ እሱ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ነው፣ ከቁርስም ከቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀድሞ። የዘጌ ቡና ቢሆንም ቡና ነው፣ መድሃኒቱን ያስቀረዋል። ካልሺየም ካርቦኔት ደግሞ በተቃራኒው ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው ምክንያቱም የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተዋጡ ካልሺየሙ ሌቮታይሮክሲኑን ይዞት ይቀራል፣ ስለዚህ በመሀላቸው አራት ሰዓት ይለፍ። ሰው ግን ሁሉንም እንዳይረሳ ብሎ በአንድ እፍኝ ጠዋት ይውጠዋል፣ ከዚያ ከወራት በኋላ የታይሮይድ ምርመራው ተበላሽቶ ይመጣና ዶዝ ይጨመርለታል። ከመጨመሩ በፊት እንዴት እንደምትውጡት ለዶክተሩ ንገሩት።

ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ጨጓራ ያለባችሁም ተናገሩ፣ አሲዱን ስለሚቀንስ ካልሺየም ካርቦኔቱ በደንብ አይገባም፣ ካልሺየም ሲትሬት ሊቀየርላችሁ ይችላል። ካልሲትሪዮል ከታዘዘላችሁ እሱ የነቃው ቫይታሚን ዲ ነው፣ ከተራው ቫይታሚን ዲ ጋር አንድ አይደለም፣ "ይሄም ያው ነው" ብሎ የሚሰጣችሁ ካለ አትቀበሉ።

ጤፍ ካልሺየም አለው፣ ጣና አሳ አለ፣ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል?

ጤፍ እውነት ከሌላው እህል የተሻለ ካልሺየም አለው፣ 100 ግራም ጥሬው ወደ 180 ሚሊግራም ይሆናል። አሳም ትንንሹ ከነአጥንቱ ከተበላ ጥሩ ነው፣ እኛ የምንበላው ኮረሶ ግን አጥንቱ ስለሚወጣ ካልሺየሙ አብሮ ይጣላል። ዋናው ነገር ግን እጢው ሲደክም ምግብ ውስጥ ያለውን ካልሺየም አንጀት በደንብ አይስበውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግብ ክኒኑን አይተካም። ብሉ፣ ክኒኑንም ዋጡ።

ፆም ላይ ነኝ፣ ምን ላርግ?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፆም ሰው ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት በውሃ፣ ካልሺየሙን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር ማድረግ ቢመስለውም ካልሺየም በቀን ሁለት ሶስቴ ተከፋፍሎ ከታዘዘ አይሆንም። በዚያ ላይ ፆም ላይ ወተትና አይብ የለም። ለንስሐ አባታችሁ ሀኪሙ ያዘዘውን አሳዩ፣ በሽተኛን ፆም አያስገድዱም፣ እኔ የማውቃቸው ቄሶች ራሳቸው "መጀመሪያ መድሃኒትሽን" ነው የሚሉት። ሮመዳን ለሚፆመውም ያው ነው፣ ከዶክተሩ ጋር ሳትነጋገሩ ዶዝ አታሸጋሽጉ።

እስከ መቼ ነው የምውጠው?

ካልሺየሙን ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ያቆማል፣ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፣ ምርመራ እየታየ። ድንገት ካቆማችሁት የተኛው ነገር ሊነሳ ይችላል። ከስድስት ወር በኋላም ካልተመለሰ ሀኪሞቹ ዘላቂ ነው ብለው ማሰብ ይጀምራሉ፣ አንዳንዱ እስከ ዓመት ይጠብቃል፣ ከዓመት በኋላ የተመለሰለትም አለ። ሌቮታይሮክሲኑ ግን ታይሮይዱ ሙሉ ከወጣ የእድሜ ልክ ነው፣ ነዝሮኝ አያውቅም ብሎ እሱን አብሮ የሚያቆም ሰው ስላለ ነው የምነግራችሁ። ስትመጡ ባዶውን ካርቶን ይዛችሁ ኑ፣ የክኒኑ ሚሊግራምና ማይክሮግራም ሲምታታ ከቃል ይልቅ ካርቶኑ ይቀለኛል።